ልጃችንን የተረከበውን ቤት ማን ይቆጣጠረዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጅዋን የአመጋገብ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች እያደሩ ወደሚታከሙበት ቤት ልታስገባ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሥራዬ ሶሻል ወርከርነት (ዖቤዴት ሶሲያሊት) ስለሆነ በዚያን ቀን ሁለት ኃላፊነት ነበረብኝ፤ ማማከርና ማስተርጎም። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደግ ሰው ነው። ቡና አቀረበልን፣ የአትክልቱን ሥፍራ አዞረን፣ ከዚያም በቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለውን የመንግሥት ፈቃድ (ሪሻዮን) አሳየን። እናትየዋ ሁሉንም በጸጥታ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እህቴ፣ እስቲ ጠይቂልኝ፤ ሌሊት ልጄን የሚያያት ማነው?» አለችኝ። ጠየቅሁላት። ሥራ አስኪያጁም ቤቱ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር መሆኑን ገልጾ እንደገና ወደ ግድግዳው አመለከተ። እሷም፣ «ወረቀቱ ሌሊት ይነቃል?» አለች።

ይህን የመጨረሻውን አላስተረጎምኩትም። ሰውየውን የሚያስቀይም መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ መተርጎም የነበረበት እሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። በዕብራይስጥ ሃፍራዖት አኺላ ይባላል። አኖሬክሲያ የያዛት ልጅ የማትበላው ምግብ ስላጣች ወይም ስለጠገበች አይደለም። ክብደት መጨመርን ከልክ በላይ ትፈራለች፤ ሰውነቷ ከስቶ አጥንቷ እየታየ እንኳ ራሷን ወፍራም አድርጋ ትመለከታለች። ቡሊሚያ የያዛት ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ በልታ፣ ከዚያ ተደብቃ ታስመልሳለች ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ትወስዳለች። መልኳና ክብደቷ ደህና ስለሚመስል ለዓመታት ሳይታወቅባት ልትኖር ትችላለች። ሕመሙ ወንዶች ልጆችንም ይይዛል። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሕይወት ከሚያጠፉት አንዱ ነው። ረሃቡ ልብን ያደክማል፣ በደም ውስጥ ያሉትን ጨዎች ያዛባል፤ ራሳቸውን የሚያጠፉም አሉ።

በድርቅ ዘመን ረሃብን በዓይናችን ላየን ሰዎች ይህን መቀበል ከባድ ነው። ምግብ ሞልቶ ሳለ ልጅ እንዴት በገዛ እጇ ትራባለች? በአገር ቤት ገላዋ የሞላ ልጅ ጤነኛ ነበረች፤ የከሳችውን ሰው ሁሉ ምን ነካሽ ይላታል። እዚህ ግን ልጅቷ ክብደቷን በቀነሰች ቁጥር በትምህርት ቤት «እንዴት አምሮብሻል» ትባላለች፤ ወላጅም የሚያመሰግናትን አስተማሪ አይቶ ዝም ይላል። ልጅዋ ምግብ ስትተው ለጸሎት የጾመች መስሏት የተደሰተች እናትም አጋጥማኛለች። ሐኪም ለሕይወቷ ያሰጋል ያላት ልጅ ግን በዮም ኪፑር እንኳ እንድትበላ ታዛለች፤ ነፍስ ማዳን (ፒኩዋሕ ኔፌሽ) ከጾም ይቀድማልና። በነገራችን ላይ መንግሥት በተቋማት ላይ የሚያደርገው ቁጥጥርም በዕብራይስጥ ስሙ ያው ፒኩዋሕ ነው። ቃሉ አንድ መሆኑን ብዙ ባለሥልጣኖች የሚያስታውሱት አይመስለኝም።

ወደ ቁጥጥሩ ስንመለስ፣ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ልጅ ከቤት ወጥታ የምትታከምባቸው ቦታዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። በሆስፒታል ውስጥ ያለው ክፍል (ማሕላካ) በጤና ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃብሪዑት) ሥር ነው። ከሆስፒታል የወጡ ልጆችን የሚቀበለው ፕኒሚያ፣ ማለትም ፖስት ኢሽፑዚት የሚባለው፣ በሚስራድ ሃርቫሓ በኩል ይታያል። ዕድሜዋ 18 የሞላ ወጣት የምትኖርበት ሆስቴል ደግሞ በ2000 በወጣው የአእምሮ ሕሙማን የማቋቋሚያ ሕግ መሠረት እንደገና በጤና ሚኒስቴር ሥር ይሆናል፤ ወደዚያ ለመግባትም ቢያንስ 40 በመቶ የአእምሮ ጉዳት መወሰን አለበት። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምናን የማቅረብ ኃላፊነት የኩፓት ሖሊም ስለሆነ አራተኛ በር ደግሞ እዚያ አለ። ልጅቷ 18 ዓመት በሞላት ማግስት በሽታዋ ያው ትናንት የነበረው ነው፤ ሐኪሟ፣ ቢሮዋና ተቆጣጣሪዋ ግን ይለወጣሉ። የአንዱ ቢሮ ፋይል በራሱ እግር ሄዶ ወደ ሌላው ቢሮ አይገባም። ወላጅ የሐኪም ደብዳቤዎችን ሁሉ ቅጂ በአንድ ማኅደር ቢያስቀምጥ ከብዙ ድካም ይድናል።

ፕኒሚያዎችንና ሌሎች ሰዎች ከቤተሰባቸው ውጭ የሚኖሩባቸውን ቤቶች የሚመለከተው ዋናው ሕግ በ1965 የወጣው የመኖሪያ ተቋማት ቁጥጥር ሕግ (ሖክ ሃፒኩዋሕ ዓል መዖኖት) ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ቤት መክፈት ክልክል ነው፤ ተቆጣጣሪውም (መፋኬያሕ) ወደ ቤቱ ገብቶ የመመርመር ሥልጣን አለው። ፈቃድ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁን የሚያስገባ ወላጅ በመጀመሪያ ፈቃዱን ልይ ማለት ይገባዋል፤ ቀኑ ያለፈበት እንደሆነም መጠየቅ አለበት። ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚነግረን ቤቱ መሥራት የሚችል መሆኑን ነው፤ ክፍሉ ስንት አልጋ እንደሚይዝ፣ የእሳት ማጥፊያው እንዳለ፣ ወጥ ቤቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ሠራተኞቹ የሚፈለገው ትምህርት እንዳላቸው። እኛ የምንፈልገው ግን ትናንት ማታ ልጄ በሁለት ሰዓት ከገበታ ስትነሳ ምን ሆነች የሚለውን ነው።

ይህን ችግር ባለሙያዎችም ተገንዝበውታል። በኢየሩሳሌም ያለው የብሩክዴይል የምርምር ተቋም ራፍ የሚባል የቁጥጥር ዘዴ አዘጋጅቶ፣ ሚስራድ ሃርቫሓ በልጆችና በወጣቶች ፕኒሚያዎች ላይ ሠርቶበታል። ራፍ ማለት አንድ ሥራ ከእሱ በታች እንዳይወርድ የሚቀመጥ መለኪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተቆጣጣሪው ወረቀቱንና ሕንፃውን ብቻ አይቶ አይሄድም። ልጆቹን ያነጋግራል፣ ሠራተኞቹን ያነጋግራል፣ ፋይል ይከፍታል፣ በዓይኑ ይመለከታል። የጤናው ክትትል፣ ትምህርቱ፣ የስሜቱ እንክብካቤ፣ ከቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት ለየብቻ ይመዘናል። ጉድለት ከተገኘ በጽሑፍ ይነገራል፣ እንዲታረም ይጠየቃል፣ መታረሙም በሌላ ጊዜ ይታያል። ከድሮው አሠራር ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም የአመጋገብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ቤት እንደ ማንኛውም የልጆች ቤት ከተመረመረ ተቆጣጣሪው በቀላሉ ይሳሳታል። ምክንያቱን ላስረዳ። በሌላ ፕኒሚያ ምግቡ በቂና የተለያየ ከሆነ፣ ልጆቹም ከበሉ ነገሩ አለቀ። እዚህ ግን ገበታው ራሱ የሕክምና ክፍል ነው። መጠየቅ ያለበት፣ አብሯቸው የሚቀመጥ ሠራተኛ አለ ወይ? እሱስ ይበላል ወይስ ቆሞ እንደ ዘበኛ ይመለከታቸዋል? ምግቡን በናፕኪን ጠቅልላ የደበቀችውን ልጅ በሰው ፊት ያዋርዳታል ወይስ ቀስ ብሎ ይመልሳታል? ከምግብ በኋላ ሄዳ እንዳታስመልስ ለተወሰነ ጊዜ አብሯት የሚቆይ ማነው? መታጠቢያ ቤቱ ተቆልፎ ከሆነ፣ ሽንቷ የመጣባት ልጅ ማንን ትለምናለች? እነዚህን ነገሮች ማንም ሰው ከፋይል ሊያነባቸው አይችልም። በምሳ ሰዓት ገብቶ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ክብደትም እንዲሁ ያታልላል። ቤቱ «ልጆቻችን በወር ይህን ያህል ኪሎ ጨምረዋል» የሚል ሰንጠረዥ ሲያቀርብ ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን ልጅቷ ከመመዘኗ በፊት ሁለት ሊትር ውኃ ጠጥታ ሊሆን ይችላል፤ በልብሷ ውስጥ ከባድ ነገር የሚደብቁም አሉ። ስለዚህ ጥሩ ቤት ጠዋት፣ በቀላል ልብስ፣ በአንድ ሚዛን ይመዝናል፤ ከክብደቱ ሌላ የልብ ምቷን፣ ተኝታና ቆማ የደም ግፊቷን፣ በደሟ ውስጥ ያለውን የፖታሲየምና የፎስፈረስ መጠን ይከታተላል። ብዙ ጊዜ የተራበን ሰው በፍጥነት መመገብ በራሱ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከረሃብ ከተረፉት ሰዎች አንዳንዶቹ ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ቶሎ ቶሎ ኪሎ የሚያስጨምረው ቤት ሁልጊዜ የተሻለው ቤት አይደለም። በቁጥሩ ብቻ የሚመሰገን ቤት ልጆችን እንደ ከብት ወደ ማድለብ ይሄዳል፤ ልጆቹም ለመውጣት ሲሉ ይደልባሉ፣ በወጡ ማግስት ይተዉታል። ሕመሙ በብዛት የሚያገረሸው ከወጡ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ዓመት ውስጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ የአንድን ቤት ጥራት መለካት የፈለገ ተቆጣጣሪ፣ ከስድስት ወርና ከአንድ ዓመት በፊት ወደወጡት ልጆች ስልክ መደወል አለበት ባይ ነኝ። ይህ በቁም ነገር ሲደረግ አላየሁም።

ሌሊቱስ? የእናትየዋ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። አኖሬክሲያ ያለባት ልጅ ሁሉ ሰው ሲተኛ ተነስታ በጨለማ ስፖርት ትሠራለች፤ ወይም ታስመልሳለች፤ የባሰ ሐሳብም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በቀን አሥራ ሁለት ባለሙያ ያለው ቤት በሌሊት አንድ ተማሪ የሆነ ተቀጣሪ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ተቆጣጣሪ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው በቢሮ ሰዓት ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ማስገደድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ለማትረፍ በአፍንጫ በኩል በቱቦ መመገብ ያስፈልጋል። ማን አዘዘ? ለምን ያህል ጊዜ? ተጻፈ ወይ? ከእናት ጋር በስልክ መነጋገርን ወይም ለሰንበት ወደ ቤት መሄድን እንደ ሽልማትና ቅጣት የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ። ለጤናዋ ሲባል ጉዞ ማስቀረት አንድ ነገር ነው፤ እናቷን የመስማት መብቷን በሹካ ቆጥሮ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ላይ የልጅቷ የራሷ ቃል መሰማት አለበት። ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ልጅ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ለመተኛት ካልተስማማ፣ ወላጅ ስለፈቀደ ብቻ አይተኛም፤ ጉዳዩ ወደ ወጣቶች ፍርድ ቤት ይሄዳል። እስራኤል በ1991 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 25 ላይ፣ ለሕክምና ወይም ለእንክብካቤ በባለሥልጣን ተወስኖ ከቤት ውጭ የተቀመጠ ልጅ ሁኔታው በየጊዜው እንደገና እንዲመረመርለት መብት ይሰጠዋል።

አሁን ዋናው ችግር ላይ ደረስን። ከኮሮና ወረርሽኝ (2020) ወዲህ በእስራኤልም በሌሎች አገሮችም በአመጋገብ ሕመም ለሕክምና የሚቀርቡ ወጣቶች ጨምረዋል፤ አልጋው ግን ጥቂት ነው፣ ወረፋውም ረጅም። ተቆጣጣሪው ጉድለት ሲያገኝ በሕግ ቤቱን እስከማዘጋት ይደርሳል። ግን ልጆቹን ወዴት ይውሰዳቸው? እሱም ይህን ያውቃል፣ የቤቱም ባለቤት ያውቃል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፣ ጊዜው ይሄዳል። ወላጅም ያው ነው፤ ለወራት ወረፋ ጠብቆ ያገኘውን አልጋ እንዳያጣ ብሎ አፉን ይይዛል። እንኳን አዲስ ዖሊም የሆንነው፣ እዚሁ ተወልደው ዕብራይስጡን እንደ ውኃ የሚጠጡት ወላጆችም ይፈራሉ። በእኔ አስተያየት የቁጥጥሩ ደካማ ጎን ከመመዘኛው ይልቅ እዚህ ላይ ነው። አማራጭ አልጋ በሌለበት አገር ተቆጣጣሪ መካሪ እንጂ አዛዥ ሊሆን አይችልም። የጤና ሚኒስቴርና ሚስራድ ሃርቫሓ ስለ ቁጥጥር ጥራት ሲናገሩ በዚያው ንግግር ስለ አልጋ ቁጥር ካልተናገሩ ግማሹን ነገር ትተውታል።

በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎችንና የእንክብካቤ ቤቶችን የሚቆጣጠረው፣ በ2009 ሥራ የጀመረው ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን፣ ሳያስታውቅ ሊመጣ ይችላል፤ ያየውንም «እጅግ ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መሻሻል የሚያስፈልገው»፣ «በቂ ያልሆነ» ብሎ በአራት ደረጃ ከፍሎ ማንም እንዲያነበው በይፋ ያወጣዋል። እዚያም የአልጋ እጥረት አለ፤ ጥሩ የተባለ ቤትም በኋላ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ሪፖርቱን አንብቦ መምጣቱ የውይይቱን አቀማመጥ ይለውጠዋል።

የእኛ ወገኖች ተጨማሪ ሸክም ቋንቋው ነው። ተቆጣጣሪ ወይም ሐኪም ወላጅን ሊያነጋግር ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው ልጁ ራሱ ወይም ታናሽ እህቱ ነች። የታመመች ልጅ ስለ ሕመሟ ለእናቷ ስትተረጉም ምን እንደምትተው መገመት አያስቸግርም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለተገልጋዩ ተስማሚ እንዲሆኑ፣ አስተርጓሚም እንዲያቀርቡ አዟል። እንግዲህ በሆስፒታል አስተርጓሚ ይምጣልኝ ማለት ልመና አይደለም።

የምግብ ዝርዝሩም አለ። ዲየታኒት (የአመጋገብ ባለሙያ) ለልጅቷ በምትጽፈው ዕቅድ ላይ ጎጆ አይብ፣ እርጎ፣ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ይገኛል፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ የዶሮ ወጥ አይገኝም። ዓርብ ዕለት ልጅቷ ለሰንበት ቤት ትመጣለች። እናት ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ገበታውን ታቀርባለች። ልጅቷም፣ «በዕቅዴ ላይ የለም፣ አይፈቀድልኝም» ትላለች። ሕመሙ የተደበቀው ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ እናት ግን ልጄ ምግባችንን ናቀች ብላ ታዝናለች፣ አባት ይቆጣል፣ ሰንበት ይበላሻል። አንድ እንጀራ በስንት ቁራሽ ዳቦ እንደሚቆጠር ከዲየታኒትዋ ጋር ተቀምጦ መጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ተቆጣጣሪ ብሆን፣ የኢትዮጵያ ልጅ ያለችበት ቤት ስገባ የምጠይቀው አንዱ ይህ ነው።

ወላጅ በበኩሉ ምን መጠየቅ ይችላል? የመጨረሻው የቁጥጥር ሪፖርት መቼ ተጻፈ፣ የትኛውስ ጉድለት ታረመ ብሎ ሥራ አስኪያጁን በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። እምቢ ካሉ፣ በ1998 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ ማንኛውም ዜጋ ወይም ነዋሪ ለሚኒስቴሩ በጽሑፍ ጠይቆ በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፣ የሌሎች ልጆች ስምም ይሰረዛል። የ1996ቱ የሕመምተኛ መብት ሕግ ሁለተኛ ሐኪም የመጠየቅና የሕክምናውን ፋይል ቅጂ የማግኘት መብት ይሰጣል። በ2001 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ21 ቀን በላይ የታመመች ተማሪ በሆስፒታልም ሆነ በቤት በነፃ እንድትማር ስለሚያዝ፣ «አሁን ታማለችና ትምህርቱ ይቆይ» የሚለውን መቀበል ግዴታ አይደለም። ልጅ ከተመታች ወይም ከተበደለች፣ ከ1989 ጀምሮ ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ሁሉ ለሶሻል ወርከር ወይም ለፖሊስ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለበት። ሚኒስቴሩ ቁጥጥሩን ቸል ብሏል የሚል ሰው ለሕዝብ አቤቱታ ሰሚው (ነጺቭ ትሉኖት ሃጺቡር) መጻፍ ይችላል፤ ይህም የመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲሆን አቤቱታው ገንዘብ አይጠየቅበትም።

ያቺ እናት ከእነዚህ ሕጎች አንዱንም አታውቅም ነበር። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ቀኑን እየለዋወጠች፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ትደውል ነበር። ዕብራይስጥዋ ትንሽ ስለሆነ «እናቷ ነኝ፤ ተኝታለች?» የሚለውን ብቻ ተማረች። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ወጣት አነሳች፣ በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ብዙ ጠርቶ ያነሳው አልነበረም። በማግስቱ ወደ እኔ መጣች። ከሁለቱ የሌሊት ተረኞች አንዷ ሥራ ከለቀቀች ወር እንዳለፋትና የቀረችው ብቻዋን በሁለት ፎቅ እንደምትመላለስ የታወቀው በዚህ ነው። ደብዳቤ በዕብራይስጥ ጻፍን፣ እሷ ፈረመች፣ ለሥራ አስኪያጁና ለተቆጣጣሪዋ ላክን። ተቆጣጣሪዋ ከአሥር ቀን በኋላ በምሽት መጣች። ሁለተኛ ተረኛ ተቀጠረች። ልጅቷ በዚያ ቤት ዘጠኝ ወር ቆየች፤ እናቷም እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ መደወሏን አላቆመችም።